ልትረዱ ሳይሆን ልትማሩ ሂዱ



በወጣቶች ኅብረት የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ልመና አለ፤ «ለአገልግሎት ወደ ውጭ አገር የምወጣበት በር እንዲከፈትልኝ ጸልዩልኝ» የሚል። አንዱ አውሮፓ ይላል፣ ሌላዋ አሜሪካ፣ ሌላው ደግሞ ኬንያም ብትሆን አልጠላም ይላል። አንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ላገልግል፣ ዓለምን ልይ፣ ራሴን ላግኝ፣ ከዚያ ተመልሼ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ልመና ጋር ሊሟገት የተጻፈ ነው። መጸለዩን ተዉ አልልም። የምትለምኑትን ግን እወቁ እላለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ወጣት በሰው አገር በበጎ ፈቃድ የሚያሳልፈው ዓመት ትልቅ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት የሚሆነው ግን የሄደው ሰው ተማሪ ሆኖ ከሄደ ብቻ ነው። «ልረዳ ነው» ብሎ የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይረዳም ሳይማርም ይመለሳል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ እረዳቸዋለሁ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው አቋሜ ይህ ነው፦ ለዚህ ትምህርት አውሮፕላን የግድ አይደለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በአውቶቡስ ሄደው ሊያገኙት ይችላሉ፤ እስካሁን ያላገኙት የሚልካቸው ስለጠፋ ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

እንግሊዞች «ጋፕ ይር» ይሉታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ተጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመገባቱ በፊት የሚወሰድ ክፍት ዓመት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሌክ ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ ቪ.ኤስ.ኦ. የተባለውን የበጎ ፈቃድ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ተላኪዎች ገና ትምህርት ቤት የጨረሱ የ18 ዓመት ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ፕሮጀክት ትረስት የተባለው ሌላ የብሪታንያ ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወጣቶች የላከው ወደ እኛው አገር ወደ ኢትዮጵያ ነው። አሜሪካኖችም በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1961 ፒስ ኮርን አቋቁመው፣ በዓመቱ ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ከመካከላችሁ አያቱን «በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ ያስተማረን ፒስ ኮር ነው» ሲሉ ያልሰማ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ስለ ሩቅ ነገር እየተናገርን አይደለም። ነገሩ ገና ሲወለድ ደጃችን ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አስተውሉ። የመጀመሪያው፣ ቪ.ኤስ.ኦ. ራሱ ከጊዜ በኋላ የ18 ዓመት ልጆችን መላክ ትቶ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ወደ መላክ ዞረ። ተቀባዮቹ አገሮች ነጻነታቸውን አግኝተው የራሳቸውን ልጆች ማስተማር ሲጀምሩ፣ የሚፈልጉት ቅን ልብ ብቻ ያለውን ሳይሆን ሥራ የሚያውቀውን ሆነ። ሁለተኛው፣ የፒስ ኮር መምህራን የመጡት ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለሁለት ዓመት ነው። ከመምጣታቸው በፊት አማርኛ ተምረዋል፤ ከመጡ በኋላ በኢትዮጵያዊ ርእሰ መምህር ሥር፣ እንደ ማንኛውም መምህር በደወል ገብተው በደወል ወጥተዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ የኢትዮጵያ ወዳጆች ሆነው የቀሩት ስለዚህ ነው። ያስተማሩትን ያህል ተምረዋል።

ቀለም የተቀባው ግድግዳ

ዛሬ ግን በብዛት የምናየው ሌላ ነው። ጉዞው አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለበሳል። የመጀመሪያው ቀን እረፍት ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ጉብኝትና ዕቃ መግዣ ናቸው። በመካከሉ የትምህርት ቤት ግድግዳ ይቀባል፣ ከልጆች ጋር መዝሙር ይዘመራል፣ ፎቶ ይነሣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሁለት ሳምንት የታሰረ ወዳጅነት አውሮፕላን ማረፊያ ሲደረስ ይፈታል።

ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ክርስቲያን ተመራማሪ ይህን ጉዳይ በሆንዱራስ አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን ካወደመ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ሄዱ። በቦታው አንድ ቤት ለመሥራት 2,000 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። አንድ ቡድን ሄዶ ያንን ቤት ሠርቶ ለመመለስ ግን የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን ጨምሮ 30,000 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። ቤቱ የተሠራላቸው ሰዎች እንግዶቹን በደስታ ተቀብለዋል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ስንት ቤት ይሠራ እንደነበር ማስላት ያቅታቸዋል ብላችሁ አታስቡ። «ቢሆንስ፣ የሄዱት ልጆች ሕይወት ተለውጧል» የሚል መልስ አለ። ተመራማሪው እርሱንም መርምሮታል። ከጉዞው በኋላ በጸሎታቸውም ሆነ በስጦታቸው ጸንቶ የሚታይ ለውጥ ያገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ስሜቱ እውነተኛ ነበር፤ የሚከታተለው ስላልነበር በነነ።

ቤት መሥራትስ ቢያንስ ሰው አይጎዳም። ከዚያ የከፋው የሕጻናት ማሳደጊያ ጉብኝት ነው። በብዙ አገሮች እንደታየው፣ በማሳደጊያ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ከቤት ያወጣቸው ድህነት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንዘብ የሚገባበት ማሳደጊያ ባለበት ቦታ፣ ልጅን ከእናቱ አስቀርቶ ለእንግዳ ማሳየት ንግድ ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 2019 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በሕጻናት መብት ላይ ባወጣው ውሳኔ፣ በሕጻናት ማሳደጊያዎች የሚደረጉ የበጎ ፈቃድ ጉብኝቶች ለሕገ ወጥ ዝውውርና ለብዝበዛ ሊዳርጉ እንደሚችሉ ጠቅሶ አገሮች ጉዳቱን እንዲከላከሉ ጠይቋል። ንግድ በሌለበትም ቢሆን አስቡት። የአራት ዓመት ሕጻን በዚህ ወር አንዷን «እማ» ይላል፣ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወር ሌላዋን ያቅፋል፣ ትሄዳለች። ልጁ የሚማረው ፍቅር ማለት የሚሄድ ነገር መሆኑን ነው። እናንተ ለመማር ስትሉ ለልጁ ይህን ማስተማር ይገባችኋልን?

ኢቫን ኢሊች የተባለ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ሜክሲኮ ለበጎ ፈቃድ ሊሄዱ ለተዘጋጁ የአሜሪካ ተማሪዎች ንግግር አድርጎ ነበር። የንግግሩ ፍሬ ነገር፣ ልታዩና ልታጠኑ ኑ፣ ልትረዱን ግን አትምጡ የሚል ነው። ብዙዎች ጨካኝ ብለውታል። በሁሉም ነገሩ አልስማማም። ነገር ግን ቅን ልብ ብቻውን ከጥፋት እንደማያድን ለወጣቶች ፊት ለፊት ለመናገር መድፈሩን አከብርለታለሁ። በአማርኛችንም መርዳትና መረዳት በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። ሳይረዱ የሚረዱ ሰዎች ብዙ ቤት አፍርሰዋል።

ጌታችን እንዴት ላከ?

በሉቃስ ምዕራፍ 10 ጌታ ሰባዎቹን ሲልካቸው ምን ይዘው እንዲሄዱ እንዳዘዛቸው ተመልከቱ። ኮረጆ የለም፣ ከረጢት የለም፣ ትርፍ ጫማ የለም። ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ፣ በተቀበላቸው ቤት እንዲቀመጡ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ ነገራቸው። ይህ ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጌታ መልእክተኞቹን ሰጪ ብቻ አድርጎ አልላካቸውም፤ ተቀባይ አድርጎ ላካቸው። ምሳቸውን ከሚሰብኩላቸው ሰዎች እጅ መጠበቅ ነበረባቸው። የሰው እንጀራ የበላ ሰው ያንን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት ይከብደዋል።

የዛሬው ተላኪ ግን ሁለት ሻንጣ ከረሜላና ልባሽ ልብስ ይዞ፣ የራሱን የታሸገ ውኃና ብስኩት ጨምሮ ይሄዳል። ከሰዎቹ የሚፈልገው ምንም ነገር የለም። ምንም የማይፈልግ እንግዳ ደግሞ ምንም አይማርም።

የኢዮብ ወዳጆችንም አስቡ። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ማስተማር ሲጀምሩ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ወደ ምርኮኞቹ ሲደርስ መጀመሪያ ሰባት ቀን በመካከላቸው ደንግጦ ተቀመጠ፤ ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችን ራሱ እንኳ ሠላሳ ዓመት ገደማ የናዝሬትን ቋንቋ ተናግሮ፣ የናዝሬትን እንጀራ በልቶ፣ በአናጢ ቤት ኖሮ ነው አገልግሎቱን የጀመረው። እኛ ሰኞ ደርሰን ማክሰኞ ለማስተማር የምንቸኩለው በማን ምሳሌ ነው?

ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም

ፈረንጆቹን ብቻ ወቅሼ ብተው እናንተ ደስ ይላችኋል፣ እውነቱ ግን ግማሽ ይሆናል። እንግዳውን የምናበላሸው እኛ ነን።

የ19 ዓመት ልጅ ከውጭ ሲመጣ እሑድ መድረኩን እንሰጠዋለን። በዚያ አጥቢያ ሃያ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ ለወንጌል የታሰሩ፣ በእግራቸው ወንዝ እየተሻገሩ የሰበኩ ወንጌላዊ ከጎኑ ቆመው ያስተረጉሙለታል። ያ ልጅ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ከመደርደር ያለፈ ኃላፊነት ያልተሰጠው ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በአንድ እሑድ ሐዋርያ እናደርገዋለን። ልጁ ምን ይማራል? በዚህ አገር ለመምህርነት የሚበቃው ከሩቅ መምጣት ብቻ መሆኑን። የእኛ ልጆችስ ምን ይማራሉ? ከእኛ መካከል የወጣ ሰው ከእንግዳ በታች መሆኑን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

የሚያሳዝነው ታሪካችን ተቃራኒውን የሚናገር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት የኤስ.አይ.ኤም. ሚሽነሪዎች ከወላይታ ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ከ50 የማይበልጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በመካከሉ ያለውን ሥራ የሠሩት እየተገረፉና እየታሰሩ ወንጌልን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱ የወላይታ ገበሬዎች ናቸው። ይህን የምለው የሚሽነሪዎቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ ዘሩን የዘሩት፣ ቋንቋ ተምረው ዓመታት የተቀመጡት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ሥራ በእንግዳ ጉዞ ላይ እንደማይንጠለጠል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ለምታድጉ አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በክረምት ወላጆቻችሁ ወደ ኢትዮጵያ ሲያመጧችሁ «ሚሽን ትሪፕ» የሚል ስም ስጡት ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። አያታችሁ ቤት አንድ ወር ተቀመጡ። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ሁኑ፣ ውኃ ቅዱላቸው፣ አማርኛችሁ ወይም ኦሮምኛችሁ ሲሳሳት ይሳቁባችሁ። ከአሥር ቀን ግድግዳ ቀለም ይልቅ ያ ሳቅ ብዙ ያስተምራችኋል፤ አያታችሁም ከቲሸርቱ ይልቅ እናንተን ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ከእኛም መካከል «በጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል የቪዛ መሰላል ያደረግነው አለን። የአገልግሎት ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያን ያጽፋል፣ ኤምባሲ ፊት ቆሞ እመለሳለሁ ብሎ ይምላል፣ በልቡ ግን መመለስ የለም። ኑሮ እንደከበደ አውቃለሁ፤ መሰደድም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አብርሃምም ተሰድዷል። በጌታ ስም በተጻፈ ደብዳቤ መዋሸት ግን ኃጢአት ነው። ከእናንተ በኋላ በእውነት ሊያገለግሉ የሚያመለክቱ ወንድሞችና እህቶች በር ላይ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ለመማር የሄዱ

ታዲያ ከአገር መውጣት ዋጋ የለውም ወይ? አለው። ኦነሲሞስ ነሲብን ተመልከቱ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን የተማረ የኦሮሞ ልጅ ነው። አውሮፓን ሊረዳ አልሄደም፤ ሊማር ሄደ። የተማረውን ይዞ ሲመለስ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ሲደርስ ለሕዝቡ ያመጣው በሻንጣ የሚሞላ ስጦታ ሳይሆን ቃሉን በገዛ ቋንቋቸው ነው። አምስት ዓመት ተምሮ፣ ዕድሜ ልኩን አገለገለ። የእኛ ዘመን ሒሳቡን ገልብጦ ሁለት ቀን ተምሮ ዕድሜ ልኩን ስለ ጉዞው ይመሰክራል።

በአገር ውስጥም ምሳሌ አለን። የወላይታ ወንጌላውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ሄደዋል፤ ቋንቋ ተምረው፣ በሰው አገር እያረሱ ኖረዋል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ብንመለከት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው እንዲያገለግሉ ደንግጎ ነበር። አብዛኞቹ በገጠር ከተሞች አስተማሩ። እኛ የውጭ ፈጠራ መስሎን የምንናፍቀው ክፍት ዓመት እንግዲህ እዚሁ ነበር። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ልጆች አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ገበሬው እንዴት እንደሚኖር፣ ተማሪው ስንት ሰዓት ተጉዞ እንደሚመጣ፣ በመጽሐፍ ያነበቡት ድህነት ፊትና ስም እንዳለው አዩ። መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲያሰማራ ግን ነገሩ በትእዛዝ ነበር፤ ገበሬውን «ሊያነቁት» እንጂ ከእርሱ ሊማሩ አልተላኩም። ብዙ ዕንባ ያስከተለውም ይኸው ነው። የሚላከው ወጣት አንድ ዓይነት፣ ገጠሩም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ምን ሆኖ እንደሚሄድ ነው።

ሳንመርጥ የተሰጠን ክፍት ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእንግሊዝ ልጅ ክፍት ዓመቱን መርጦ ይወስዳል። የእኛ ልጅ ግን በፈተና ውጤት ይሰጠዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 900,000 ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባት ገደማ!

እነዚህ ልጆች የት ናቸው? ከእናንተ መካከል ናቸው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ከእነርሱ ናቸው። ቤት ተቀምጠዋል፤ ጎረቤት «ምን አመጣህ?» ብሎ እንዳይጠይቃቸው በጓሮ ይወጣሉ። እሑድ መጥተው በመዘምራን ያገለግላሉ፣ ሰኞ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ ያላት መልስ ምንድን ነው? «ጌታ በር ይከፍታል» ብሎ እጅ መጫን ብቻ ከሆነ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ቲሸርት የለበሰ ቡድን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን እንውቀስ።

እኔ ለየአጥቢያው ሽማግሌዎችና ለየወጣት መሪዎቹ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ ሁለት ሁለት ወጣቶች ምረጡ፤ ያለፉትንም የወደቁትንም። ሌላ ቋንቋ ወደሚነገርበት አካባቢ፣ ወደ አንዲት እኅት አጥቢያ ለአሥር ወር ላኩ። በዚያ ካሉ ወንጌላዊ ሥር ይሁኑ፤ እርሳቸው ያዘዙትን ይሥሩ። በአማኝ ቤት ያድሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራቸው ቋንቋ መማር፣ ውኃ መቅዳት፣ አረም ማረም ይሁን። ከዚያ ምናልባት ማታ ማታ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ያስረዱ ይሆናል። ወጪው የኅብረቱ አባላት በየወሩ ከሚያዋጡት አይበልጥም። የሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የብሔራዊ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶችን ከክልላቸው ውጭ ለወራት ልኳል፤ መንግሥት የደፈረውን ቤተ ክርስቲያን ስለምን ትፈራዋለች? የጸጥታው ሁኔታ በማይፈቅድበት ቦታ አትላኩ። ግን ሁሉም ቦታ ዝግ አይደለም፤ ከከተማችሁ ዳርቻም ቋንቋውን የማታውቁት ሰው አለ።

በየብሔሩ ተለያይተን፣ በየቋንቋችን ተቧድነን በምንኖርበት በዚህ ዘመን፣ በሌላው ቤት ለአሥር ወር እንጀራ የበላ ወጣት ተመልሶ በዚያ ሕዝብ ላይ ስድብ ሲጻፍ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ስም ያውቃል፣ ፊት ያውቃል፣ የማን እናት እንዳበላችው ያውቃል። ለአገራችን ከዚህ የሚበልጥ ምን አገልግሎት አለ?

«ግን እኮ...»

«ጌታ ወደ ዓለም ሁሉ ሂዱ ብሏል» ትሉኝ ይሆናል። ብሏል። በሐዋርያት ሥራ 1፥8 ግን ኢየሩሳሌም፣ ይሁዳና ሰማርያ ከምድር ዳር በፊት ተጠቅሰዋል። ሰማርያን ጠልቶ ወደ ምድር ዳር መብረር ጥሪ ሳይሆን ሽሽት ነው። በሰማርያ የተማረ ሰው ግን ወደ ምድር ዳር ቢሄድ እኔ ቀድሜ እጄን እጭንበታለሁ። ከእናንተ መካከል ቋንቋ ተምሮ፣ ዓመታት ተቀምጦ በሩቅ አገር የሚያገለግል እንዲነሣ ከልቤ እናፍቃለሁ።

«ሁለት ሳምንትም ከምንም ይሻላል» የሚልም አለ። ሁልጊዜ አይደለም። ጉንፋን ለያዘው ሰው የማያውቅ ሐኪም ከሚመጣ ማንም ባይመጣ ይሻላል። የሁለት ሳምንት ጉዞ መልካም የሚሆነው ስሙ ሲስተካከል ነው፤ ጉብኝት ከሆነ ጉብኝት በሉት፣ አይታችሁ ጸልዩ፣ አመስግናችሁ ተመለሱ። ሙያ ያለው ሰው ተጠርቶ ሄዶ በአሥር ቀን የዓይን ሞራ ቢቀዳ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የሚያውቀውን ሊሠራ ሄደ እንጂ ራሱን ሊያገኝ አልሄደም።

እንግዲህ ወደ ሩቅም ሆነ ወደ ቅርብ ከመነሣታችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። የጠራችሁ ማን ነው፣ በዚያ ያሉት ሰዎች ወይስ የእናንተ ናፍቆት? በዚያ አለቃችሁ ማን ነው፣ ስትሳሳቱስ የሚገሥጻችሁ አለ? የምትሠሩትን ሥራ በዚያ አገር ሥራ አጥ የሆነ ሰው በደመወዝ ሊሠራው አይችልምን? «እንደምን አደራችሁ» ለማለት የሚበቃ ቋንቋ እንኳ ለመማር ጊዜ ሰጥታችኋል? በመጨረሻም፣ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው ብትባሉ ትሄዳላችሁ? ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ምጽዋት ስንሰጥ መለከት እንዳናስነፋ አስጠንቅቆናል። የዘመናችን መለከት ኪስ ውስጥ ይያዛል።

ለአምስቱም ቀና መልስ ካላችሁ ሂዱ። ትርባላችሁ፣ ትናፍቃላችሁ፣ አፋችሁ እንደ ሕጻን ይኮላተፋል፣ ይሳቅባችኋል። ከእናንተ ያነሰ ልጅ መንገድ ያሳያችኋል። «የማውቀው ነገር የለም» የምትሉበት ማታ ይመጣል። ያን ማታ አትሽሹት፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ክርስቶስ ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ ያዘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል! በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ፣ በሰው እንጀራ የኖረ ሰው የዚያን ቃል ክብደት በጥቂቱ ይቀምሰዋል። ይህን የቀመሰ ወጣት ያላት ቤተ ክርስቲያን ነገ መጋቢ አላት፣ መምህር አላት፣ አስታራቂ ሽማግሌ አላት።

መሪዎች ሆይ፣ የሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ከመዘጋቱ በፊት የሁለት ወጣቶች ስም ተጽፎ ይውጣ። ወጣቶች ሆይ፣ ስማችሁ ሲጠራ «እነሆኝ» በሉ። ጸጋ ይብዛላችሁ።